ማጣሪያ ላይ ነኝ

በመጋቢት ወር በሁለተኛው እሑድ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አዋሳ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት ሳሎን ወለል ላይ የባሕር ውሃ ፈሰሰ። የቤቱ ባለቤት ቀበሌ ነው፤ ነዋሪው እኔ ነኝ። የሞተ ሰው የለም። በንብረት ላይ የደረሰው ጉዳት አንድ ምንጣፍ፣ የመጋረጃ ጫፍና አንድ ሻንጣ ነው።

ዜና ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አራት ነጥብ አድርጌ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። አንባቢ ከሦስተኛው ዐረፍተ ነገር በኋላ ወደ ስፖርት ገጽ እንደሚሻገር ከሥራዬ ተምሬአለሁ። ይሁን እንጂ ባሕር ከአዋሳ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያውቅ ሰው «የምን የባሕር ውሃ?» ማለቱ አይቀርም። ሐይቁማ ደጃችን ነው። ሐይቁ ግን ጨው የለውም፤ ነገሩ ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ከጨው ነው። ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር።

አባባ ሥዩም የባለቤቴ የአልማዝ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ምፅዋ ወደብ ላይ ከመርከብ የሚወርድ ጆንያ ሲቆጥሩ ነው። እማማ ካረፉ በኋላ አልማዝ «አባቴ ብቻውን አይቀመጥም፤ መንገዱ ሳይዘጋ ይምጣልኝ» እያለች ስታለቅስ ከረመችና መጡላት። ይዘውት የመጡት ንብረት አንድ ኬሻ የምፅዋ ጨው፣ አንድ በገመድ የታሰረ ሻንጣና አንድ ጀሪካን ነበር። ጀሪካኑ ውስጥ ዓሣ አለ።

ዓሣው የአውራ ጣት ያህላል። መልኩ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ሆኖ ጎኑ ላይ ሁለት ነጭ መስመር አለው። ሁለት መስመር ክንድ ላይ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ በዚያ የጦርነት ዘመን ሕፃንም ያውቀዋል። ስለዚህ አባባ ስሙን አስር አለቃ ብለውታል። ወደ አዋሳ ሲመጡ ኬላ ላይ አንድ ወታደር አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ «አባት፣ ጀሪካኑ ውስጥ ምንድን ነው?» ቢላቸው «አስር አለቃ ነው» አሉት። ጠያቂው ራሱ አስር አለቃ ስለነበረ ጉዳዩ ጊዜ ወሰደ።

ከመስኮት መስታወት ገንዳ አሠራሁለትና ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ውሃው ሲጎድል ወይም ሲቆሽሽ የቧንቧ ውሃ እቀዳለሁ፣ ከኬሻው ጨው እጨምራለሁ፣ አባባ ጣታቸውን ነክረው ይቀምሳሉ።

«ገና ነው።»

አንድ እፍኝ እጨምራለሁ።

«ገና ነው።»

ከእሳቸው አፍ «በቃ» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። ዝም ካሉ በቅቷል ማለት ነው። እኔ ራሴ አንድ ቀን ብቀምሰው ቀኑን ሙሉ ውሃ ስጠጣ ዋልኩ።

አንድ ቅዳሜ ደስ ይበላቸው ብዬ ሐይቁን ላሳያቸው ወደ አሞራ ገደል ወሰድኳቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ከጀልባ እያወረዱ፣ አሞራው በሰው መሐል እየተንጎራደደ፣ ቦታው ደምቆ ነበር። አባባ ዳር ቆመው ውሃውን ትንሽ አዩት።

«ወጡስ ሰፊ ነው» አሉ። «ጨው ረስተውበታል።»

ጀርባቸውን ሰጥተውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሐይቁ ዞር ብለው አላዩም።

ሻንጣቸውንም አልፈቱትም። አልማዝ ልብሳቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ልትሰቅልላቸው ስትል «ተይው፣ እንግዳ ነኝ» አሏት። ሻንጣው ከዓሣው ገንዳ ጠረጴዛ ሥር፣ ለመንገደኛ በሚመች አኳኋን፣ እጀታው ወደ ውጭ ዞሮ ተቀመጠ። በነጋ በጠባ ገመዱ መጥበቁን ያያሉ። አንድ ጊዜ እራት ላይ ሳንጠይቃቸው «አስር አለቃ እስካለ አለሁ። እሱ ካለፈ እኔም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ» አሉ። ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ በዚያን ጊዜ እንኳን ለአንድ ሽማግሌ፣ ታጅቦ ለሚሄድ መኪናም አያስተማምንም ነበር።

አልማዝ ወጥ ቤት ጠራችኝ።

«ስማኝ፤ ያ ዓሣ ከሞተ አባቴን ማን ያስቀርልኛል?»

«እኔ እኮ የዓሣ ሐኪም አይደለሁም፣ አልማዝ።»

«ጋዜጠኛ አይደለህ? ጠይቃ! አጣራ!»

ነገሩ አስቸኳይ ነበር። ውሃው እየደፈረሰ፣ አስር አለቃም ጥግ ይዞ መቆም ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ሥራዬ እንደሚያዘው ምንጭ ፈለግሁ። ሐይቁ ዳር ስለ ዓሣ የሚያጠና አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ነበር። ሰውዬው የሚናገረው እንግሊዝኛ የእሱም የእኔም አልነበረም፤ ግን አሸዋ ላይ በእንጨት እየሣለ አስረዳኝ። ላይ አንድ ገንዳ፣ ታች አንድ ገንዳ። የቆሸሸው ውሃ ከላይ በጎማ ይወርዳል፤ ታች በስፖንጅ፣ በከሰልና በጠጠር ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ ፓምፕ ገፍቶ ወደ ላይ ይመልሰዋል። የታችኛውን ገንዳ «ሳምፕ» ይለዋል። መጨረሻ ላይ ጣቱን እያወዛወዘ ስለ መብራት አንድ ነገር ሲናገር መኪናው መጣችና ሄደ። ስለ አምፖል መሰለኝ። ከገንዳው በላይ ጥሩ አምፖል ሰቀልኩ።

አንድ ምንጭ ያለውን ይዞ አይጻፍም፤ ሁለተኛ ምንጭ ያስፈልጋል። ይህን ለወጣት ሪፖርተሮች ስናገር ነው የኖርኩት።

«ሻምፑ ነው ያልከኝ?» አለች አልማዝ።

«ሳምፕ። ማጣሪያ ማለት ነው።»

«እንደሱ አትልም ታዲያ?»

ለታችኛው ገንዳ ያሰብኩት የፕላስቲክ በርሜል አስቆርጬ ግማሹን ነበር። ፓምፕና ጎማ የሸጠልኝ ሸምሱ፣ ሱቁ ውስጥ ከመርፌ እስከ ምጣድ ክዳን የማይጠፋው ጎረቤታችን፣ በርሜሉንም አዘጋጅቶልኝ ነበር። ፓምፑ ፈረንጆች ጥለውት ከሄዱት የልብስ ማጠቢያ የተፈታ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ፓምፕ ከእኔም ከእርስዎም በኋላ ይኖራል» አለኝ። በዚህ በኩል እስካሁን ቃሉን አላጠፈም። ችግሩ በርሜሉ ጠረጴዛው ሥር የማይገባ መሆኑ ነው። ግማሹን ቦታ ሻንጣው ይዞታል።

«አባባ፣ ሻንጣውን ወደ መኝታ ቤት ብናዛውረው ምን ይመስልዎታል?»

«ሻንጣው ቦታው ላይ ነው።»

«ለአስር አለቃ እኮ ነው።»

«ለአስር አለቃ ሌላ ነገር ፈልግለት። አንተ የተማርክ ሰው ነህ።»

አማት ሲያሞግስ ክርክር ያበቃል። በርሜሉን ትቼ የአልማዝን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ከሻንጣው ጎን ሸጎጥኩት። ሳፋው ጠበብ ያለ ቢሆንም እኔ ለአሁኑ ይበቃል አልኩ፤ አባባም «ገና ነው» አላሉም። ሁለት ሰው የተስማማበት ስሕተት ውሳኔ ይባላል።

እዚህ ላይ ስለ ጨው ትንሽ መናገር አለብኝ። በዚያ ሰሞን ከቀበሌው ሱቅ ጨው ጠፍቶ ነበር። የሱቁ ኃላፊ ጓድ ሽፈራው ሰው ጨው ሲጠይቀው ጣሪያ ጣሪያ ያያል። የእኛም ኬሻ እየጎደለ ስለመጣ ሄጄ ጠየቅሁት።

«ጓድ ሽፈራው፣ ጨው መቼ ይገባል?»

«ይመጣል።»

«ባለፈው የገባውስ?»

«አልቋል።»

«ምን ያህል ነበር? ለማን ለማን ታደለ?»

አጠያየቄ ከልማድ የመጣ ነው። ሌላ ሰው እንደምን አደርክ ሲል እኔ «መቼ፣ የት፣ ማን?» እላለሁ።

«ምን ያደርግልሃል?» አለ ሽፈራው ፊቱን አኮሳትሮ።

«ለዓሣ ፈልጌ ነው።»

«ለዓሣማ ቁንጥር ይበቃሃል፤ ከጎረቤት ተበደር።»

«ቁንጥር አይበቃኝም። በኬሻ ነው የምፈልገው።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ያሾፍኩበት ነው የመሰለው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

እሑድ ጧት ሁሉንም ገጣጠምኩ። አንዱን ጎማ ቆሻሻውን ከሥር እንዲስብ ብዬ የላይኛው ገንዳ ወለል ድረስ አወረድኩት። የወጥ ቤት ከሰል ወቅጬ፣ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ፣ የሐይቅ ጠጠር አጥቤ ሳፋው ውስጥ ደረደርኩ። ፓምፑን ሰካሁት። ውሃው ወረደ፣ ተጣራ፣ ወጣ። አስር አለቃ ከጥጉ ወጥቶ አንድ ዙር ዞረ። አባባ ወንበራቸውን አቅርበው ተቀመጡ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ልክ በዚህ ሰዓት ደጅ ላይ ፊሽካ ተነፋ። የቀበሌያችን ጥበቃ አቶ ዱካሞ ነው። እሑድ እሑድ ጧት ስብሰባ አለ፤ መቅረት በዋዛ አይታለፍም። አቶ ዱካሞ ቁጥብ ሰው ነው። በሲዳምኛ ሲናገር የሚያስቅ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ በአማርኛ ግን የተባለውን ይሰማል፣ የሰማውን ያደርሳል፣ ከራሱ አንድ ቃል አይጨምርም። እንደሱ ያለ ሪፖርተር ብዙ አላየሁም።

«ጓድ ጋዜጠኛ፣ ስብሰባ ተጀምሯል!»

«አቶ ዱካሞ፣ ዛሬ አልመጣም። ማጣሪያ ላይ ነኝ።»

ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«ማጣሪያ?»

«አዎ። ከላይ እስከ ታች ነው የሚጣራው። የጨው ጉዳይ ስላለበት ጥንቃቄ ይፈልጋል።»

«ዛሬ ያልቃል?»

«ማለቅ አለበት። ካልተጣራ ነፍስ ይጠፋል።»

አቶ ዱካሞ ግራና ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሊቀ መንበሩ ልንገር?»

«ንገራቸው። እንዲህ ብሏል በላቸው።»

እያወራን ሳለ የጎረቤት ራዲዮ የሰልፍ ዘፈኑን በመሐል አቋረጠ። መብራት ሄደ ማለት ነው። ነገሩን ልብ ብያለሁ፤ በአዋሳ መብራት መሄዱ ግን ዜና አይደለም። አቶ ዱካሞን ተሰናብቼ የአጥሩን በር ስዘጋ አልማዝ ጮኸች።

አሁን ለማንም ግልጽ ነው። መብራት ሲሄድ ፓምፑ ቆመ፤ ውሃ ወደ ላይ መመለሱ ቀረ። መውረዱ ግን መብራት አይፈልግም። ያ ወለል ድረስ የሰደድኩት ጎማ የላይኛውን ገንዳ እየመጠጠ ጠባቡ ሳፋ ውስጥ ጨመረው፤ ሳፋው ሞልቶ ምንጣፉ ላይ፣ ከምንጣፉ ሻንጣው ሥር ገባ። የከሰሉ ጥቁር ውሃ ሳሎኑን ዞሮ ወደ መኝታ ቤት ሲያቀና ደረስኩ። የውጭው ባለሙያ ጣቱን እያወዛወዘ የተናገረው ስለዚህ እንደነበር ሰውነቴ ያወቀው ካልሲዬ ሲርስ ነው።

ገንዳው ውስጥ የቀረው ውሃ ለዓሣው ጎን እንኳ አይበቃም። አስር አለቃ ተጋድሞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አባባ አልጮኹም። ድስት አምጥተው ንጹሑን ውሃና ዓሣውን ገለበጡበት፤ ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱለት ጀመር። ፓምፑን ተኩት ማለት ነው። ዓይናቸውን ከድስቱ ሳያነሱ «ውሃ ይፈልጋል» አሉ። «ቶሎ።»

«አልማዝ፣ ጨው!»

አልማዝ ኬሻውን ይዛ መጣች። ከሥሩ ከአንድ እፍኝ የማይበልጥ ጨው ነበር።

«የቀረው የት ሄደ?»

«ለወይዘሮ ወርቅነሽ ሰጠሁ። ለእነሸምሱ ቤት ሰጠሁ። ለጓሮ ቤቶቹም…»

«አልማዝ!»

«ምን ላድርግ? ጎረቤት አልጫውን ያለ ጨው እየበላ ዓሣ በጨው ይንደላቀቅ?»

ጨው የወሰዱት ጎረቤቶች ሁሉ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ባዶ ባልዲ አንጠልጥዬ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሮጥኩ።

ከእኔ በፊት አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ያጣራሁት በኋላ፣ ከሦስት ሰዎች ነው፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ቃል ሰጥተውኛል። አቶ ዱካሞ ገብቶ ለሊቀ መንበሩ በጆሯቸው ሊናገር ቢሄድ፣ ሊቀ መንበሩ «ለሰፊው ሕዝብ የሚደበቅ የለም፣ ጮክ ብለህ ተናገር» አሉት። እሱም ጮክ ብሎ ተናገረ፦ «ጓድ ጋዜጠኛው አልመጣም። ማጣሪያ ላይ ነኝ ብሏል። ከላይ እስከ ታች ይጣራል ብሏል። የጨው ጉዳይ ነው ብሏል። ካልተጣራ ነፍስ ይጠፋል ብሏል።» አንድ ቃል አልጨመረም፤ አንድ ቃል አላጎደለም። በዚያ ዘመን «ይጣራ» የተባለበት ሰው እንቅልፍ እንደማያገኝ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እኔ ደግሞ በዚህ ላይ እስከ ጉልበቴ ርሼ፣ እግሬ ከሰል መስሎ፣ ባልዲ ይዤ ደረስኩ። ሊቀ መንበሩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ጓድ፣ የማጣራቱ ሥራ ከምን ደረሰ?»

ስለ ዓሣው የሰሙ መስሎኝ «ተበላሽቷል» አልኩ። «የመጣሁት ለጨው ነው። የወሰዳችሁ ሰዎች እባካችሁ አሁኑኑ መልሱልኝ። ጊዜ የለም፤ አስር አለቃው ቤቴ ተጋድሞ ትንፋሹ እያጠረ ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ኢየሱስ!» አሉ። ከዚያ መካከለኛው ረድፍ ላይ ወንበር ተንቋቋና ጓድ ሽፈራው ተነሣ። ላብ ግንባሩ ላይ ጎልቶ ይታያል።

«ጓዶች፣ እኔ… ግለ ሂስ ማድረግ እፈልጋለሁ።»

ግለ ሂስ በስብሰባው አጀንዳ ላይ አልነበረም።

«ጨዉ አላለቀም» አለ ሽፈራው። «ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ ነው። ለክፉ ቀን ብዬ ነው። አልሸጥኩም፣ አልለወጥኩም፤ መርምሩኝ። ግን ጓዶች፣ አስር አለቃ የሚባል ሰው አላውቅም! በእኔ ምክንያት የተመታ ሰው የለም!»

«አስር አለቃው ዓሣ ነው» አልኩ።

«ገባን፣ ገባን» አሉ ሊቀ መንበሩ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው። «ዝርዝሩ ይቆየን።»

እውነት በተነገረበት ቀን ሁሉ አይታመንም፤ ይህንንም ከሥራዬ ተምሬአለሁ።

ሕዝቡ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ሱቁ ተመመ። ጨዉ ከተባለው ቦታ ተገኘ። ለየቤቱ ሲታደል እኔም የቤቴን ድርሻ ባልዲው ውስጥ ተቀበልኩ፤ ግን የባልዲውን ወገብ አልነካም። ይህን ያዩት ጎረቤታችን ወይዘሮ ወርቅነሽ ናቸው። አንደበታቸው ስለታም ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ያ የአልማዝ አባት ዓሣ ነው እንዴ የሚያጣጥረው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ከጧት ጀምሮ ወታደር ሞተ እያልክ ለምን ታስጨንቀናለህ!» ድርሻቸውን ባልዲዬ ውስጥ ገለበጡት። «የሽማግሌ ዓሣ ጨው በልቼማ አላድርም። ሸምሱ! አንተም ወስደሃል፣ ምን ትገተርብኛለህ?»

ሸምሱ ጨመረ። የጓሮ ቤቶቹም ጨመሩ። «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። እንደዚያን ቀን ጨው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ባልዲው ለአንድ ሰው ስለከበደ አቶ ዱካሞ አንዱን ጎን ያዘልኝ።

ቤት ስንደርስ አባባ እንደተውኳቸው ተቀምጠው ይቀዳሉ፣ ያፈሳሉ። ኩባያው ከፍ ማለቱ ቀርቷል። አቶ ዱካሞ ፊሽካውን ኪሱ ከተተና አጠገባቸው በርከክ አለ።

«አባት፣ እስቲ ለእኔ ይስጡኝ።»

«ከፍ አድርገህ አፍስስ። ግን አትረብሸው።»

እኔ ጨውና ውሃ ማሟሟቴን ቀጠልኩ። አባባ ጣታቸውን ነከሩ።

«ገና ነው።»

ጨመርኩ።

«ገና ነው። ደግሞ ይኼ የምፅዋ አይደለም።»

«ጨው ጨው ነው፣ አባባ።»

«ጨውማ ጨው ነው። ባሕር ግን አይደለም።»

አልማዝ ከኬሻው ሥር የቀረችውን የምፅዋ እፍኝ አምጥታ ጨመረችበት። አባባ ቀመሱ። ዝም አሉ።

ጨው ባንዴ አይሟሟም፤ የሟሟውም እስኪጠራ ይቆያል። መብራቱም አልመጣም። በዚህ መሐል ሊቀ መንበሩ ኮሚቴውን አስከትለው ማጣሪያውን በዓይናቸው ሊያዩ ደረሱ። ሽፈራውም አብሮ ነበር፤ ብቻውን መተው የተፈለገ አይመስለኝም። ሁሉም ርጥብ ምንጣፍ ላይ ቆመው ድስቱ ውስጥ አዩ። አስር አለቃ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ።

«ይኼ ነው?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«እሱ ነው።»

ሊቀ መንበሩ አንገታቸውን ወደ ጎማዎቹ ጎንበስ አደረጉ። «በል እስቲ፣ አሠራሩን አስረዳ።»

«ከላይ ያለው በዚህ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ያለው ደግሞ ተጣርቶ በዚህ ወደ ላይ ይመለሳል።»

«እንደ መመሪያና እንደ ሪፖርት» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ደስ ያላቸው ይመስላሉ። «ቆሻሻውስ የት ይቀራል?»

«መካከል ላይ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

ሁሉም ሽፈራውን አየ። ሽፈራው ሳፋውን አየ።

የአቶ ዱካሞ ክንድ ሲዝል ሊቀ መንበሩ ነገሩን በደንብ አደራጁት። ለጥበቃ እንደሚደረገው ለኩባያውም ተራ ወጣ። ኮሚቴው በየተራ እየተቀመጠ ቀዳ፣ አፈሰሰ። ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ቀዱ፤ ከፍ አድርገው ማፍሰሱን አውቀውበታል፣ ትንሽ ግን ይረጫሉ። ሽፈራው የሌሎችንም ተራ እየለመነ ወሰደ። ወይዘሮ ወርቅነሽ በር ላይ ቆመው «ቅዳ ሽፈራው፣ ቅዳ! ሚዛን ላይ እንደዚህ እጅህ ቢፈታ ኖሮ!» ይሉታል።

በዚህ ጊዜ ሊቀ መንበሩ እግራቸው ሥር የሚንጠባጠበውን ሻንጣ አዩ።

«መንገደኛ አለ እንዴ?»

አልማዝ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ አባባ።

«አባት፣ የርስዎ ነው? የይለፍ ወረቀት ከፈለጉ ነገ ቢሮ ይምጡና እንጽፍልዎታለን።»

አባባ አቶ ዱካሞን አዩ፤ ደግሞ ተራ ደርሶት እጅጌውን ሰብስቦ በርከክ ብሎ ነበር። ሽፈራውን አዩ። ድስቱን አዩ።

«ገና ነው» አሉ።

መብራት የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። የጎረቤት ራዲዮ መሐል ላይ ጀመረ፤ ሁላችንም አጨበጨብን፤ ራዲዮው ያጨበጨብንለት ሳይመስለው አይቀርም። አስር አለቃን ወደ ገንዳው መለስነው። ለአፍታ እንደ ቅጠል ተንሳፈፈ። አልማዝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ጭራውን አንዴ መታና ቀና አለ፤ ትንሽ ቆይቶም ጥጉን ለቆ ዞረ። ሊቀ መንበሩ «ስብሰባው በዚሁ ተፈጽሟል» አሉ።

ማምሻውን አልማዝ የሻንጣውን ገመድ ፈታችው፤ ውሃ ጠጥቶ ስለነበር በቢላዋ ነው የቆረጠችው። አባባ አልከለከሏትም። ሸሚዞቻቸውን በአጥሩ ላይ አሰጣችላቸው። በማግሥቱ ጧት ሲደርቁ እጅጌያቸው ላይ ነጭ ጨው አውጥተው ነበር። አባባ ከሥሩ ቆመው አንዱን እጅጌ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ቆዩ። ከዚያ አራግፈው አጣጠፉት።

ያን ቀን ከሥራ ስመለስ ግማሹን በርሜል ከሸምሱ ይዤ መጣሁ። ስለ ሻንጣው ለመጠየቅ መንገድ ላይ ቃላት ሳዘጋጅ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ምንም አልነበረም። በርሜሉን አስገባሁት፤ ልክ ገባ። የሚወርደውን ጎማ አሳጥሬ አፉን ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። ፓምፑን ሰክቼ ውሃው ሲዞር ካየሁ በኋላ ለሙከራ ሶኬቱን በገዛ እጄ ነቀልኩ። ላይ ያለው ውሃ ትንሽ ወርዶ ቆመ። በርሜሉ ውስጥ ያለው ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ፤ ከአፉ አልደረሰም። አባባ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ምንም አላሉም።

ሻንጣው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነው። ወንበር ላይ ወጥቼ አንሥቼ አየሁት። ባዶ ነው።